ጥጃዋ ጠፋች ወይስ ጠባች? የአንድ አሮጌ መድፈኛ መስሚያ

ነገሩ የጀመረው ጥጃዋ የጠፋች ዕለት ነው። ባለቤቴ ከጓሮ ሆና «ጥጃዋ ጠፋች!» ትላለች። እኔ በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ «ጥጃዋ ጠባች» ነው የሰማሁት። «እሰይ፣ ትጥባ» አልኳት። ከዚያ በኋላ የተባልኩትን ባልሰማውም ፊቷ ላይ አነበብኩት። ጥጃዋ ማታ ከጎረቤት ጎመን መሐል ተገኘች። እኔ ግን ሰፈር ውስጥ እስከ ዛሬ «ትጥባ» ነው ስሜ።

ይህ ጽሑፍ ከዚያ በኋላ ስለገዛሁት የመስሚያ መሣሪያ ነው። ከጆሮ ኋላ የሚንጠለጠለው፣ ቀጭን ቱቦ ያለው ዓይነት። የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው፤ የገዛሁት ባሕር ዳር። አብረውኝ ያገለገሉ ሰዎች «እንዴት ነው? ያዋጣል?» እያሉ ይጠይቁኛል። ለእያንዳንዳቸው ከምጮህ ጽፌው ልገላገል ብዬ ነው። እነሱም እኮ አይሰሙም።

ጆሮዬ የት ሄደ? ከ1972 እስከ 1983 ዓ.ም. መድፈኛ ነበርኩ። ዲ-30 የሚባለው 122 ሚሊ ሜትር መድፍ ላይ ጥይት አጉራሽ። ሰው በሠርግ ያጎርሳል፤ የእኔ ወጣትነት ያለቀው ከ21 ኪሎ በላይ የሚመዝን ጉርሻ ሳቀብል ነው። አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባል የለ? እሷ በደቂቃ አምስት ስድስት ጊዜ ትጎርሳለች። ጠቡም አልቀረም።

ዲ-30ን አይቶ የማያውቅ እንዲህ ያስባት። ሌላው መድፍ በጭራው ሲጎተት እሷ በአፈሙዟ ነው ከመኪና ጋር የምትቆለፈው። ቦታ ስትይዝ ሦስት እግሯን ትዘረጋለች፤ ጎማዎቿ ከመሬት ብድግ ይላሉ። ከዚያ በፈለጉት አቅጣጫ ዙሪያዋን ትዞራለች። ጥይቷ 15 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ልትተኮስ ስትል «አፋችሁን ክፈቱ!» እንባላለን። ግፊቱ በአፍም በጆሮም ገብቶ ታምቡሩን ከሁለት በኩል ደግፎ እንዲይዘው ነው። ጥጥ ያለው ጥጥ ይወትፋል፣ የሌለው ጣቱን። የአጉራሽ ጣት ግን ጥይት ይዟል።

መጀመሪያ የገዛሁት ርካሹን ነው። 1,800 ብር፣ ከአንድ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ። ለካ እሱ ድምፅ ማጉያ ነው እንጂ መስሚያ አይደለም። ልዩነቱን ሻጩም እኔም አናውቅም ነበር። ያገኘውን ሁሉ እኩል ያጮኸዋል። ሲኒ ረከቦት ላይ ሲቀመጥ ጭንቅላቴ ውስጥ ያስተጋባል። የባለቤቴ ድምፅ ገዘፈ፤ ቃሉ ግን አሁንም የለም። ጎረምሳ ሞተር ሳይክል አስነሥቶ ሲያልፍማ ነቅዬ ወረወርኩት።

እዚህ ላይ ሶምን ላንሣ። እ.ኤ.አ. በሰኔ 1916 መጨረሻ እንግሊዞች ፈረንሳይ ውስጥ ሶም ወንዝ አጠገብ የጀርመንን ምሽግ ሰባት ቀን ሙሉ በመድፍ ቀጠቀጡት። ከአንድ ሚሊዮን ተኩል በላይ ጥይት ነው የወረደው። ጀርመኖቹ ግን መሬት ውስጥ ጠልቀው ቆፍረው ነበር። ድብደባው ሲያቆም ወጡና መትረየሳቸውን ጠመዱ። በመጀመሪያው ቀን ብቻ ከ57 ሺህ በላይ የእንግሊዝ ወታደር ሞተ፣ ቆሰለ ወይም ጠፋ። መድፉ አልጮኸም ብሎ የሚከስ ሰው የለም። ክሱ ዒላማውን አላገኘም ነው። የ1,800 ብሯም ክስ ይኸው ነው። አሁን የልጅ ልጄ መጫወቻ ናት።

ስለዚህ ጤፍ ሸጬ፣ ልጄ ጨምራበት፣ ወደ ባሕር ዳር ወጣሁ። ደንበጫ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬ፣ እንጅባራ፣ ዳንግላ። ቡሬን ባለፍኩ ቁጥር 1933 ዓ.ም. ትዝ ይለኛል። ያን ጊዜ ገና አልተወለድኩም፤ አባቴ ግን ደጋግሞ አውርቶልኛል። ጣሊያን ምሽጉን ለቆ ወደ ማርቆስ ያፈገፈገው በቁጥር በብዙ ከሚያንሰው የእንግሊዙ መኮንን የዊንጌት ጦርና ከአርበኞች ፊት ነው። የዊንጌት ከባድ መሣሪያ ጥቂት ሞርታር ነበር። ሹፌሩ ግን ለዚህ ጊዜ የለውም፤ ቡሬን በአንድ ጥሩምባ ነው ያለፋት።

አገልግሎቱን ልንገራችሁ። ቀጠሮዬ 3 ሰዓት ነው፤ በሩ የተከፈተው 4 ሰዓት ተኩል። እሺ፣ ይሁን። ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ ግን ስም የምትጠራው በሹክሹክታ ነው። የጆሮ ሕክምና ቤት ተቀምጣ በሹክሹክታ! ወረፋዬ ሁለት ጊዜ አለፈኝ። በሦስተኛው አጠገቤ የተቀመጡ የደብረ ታቦር ሰው ናቸው በክርናቸው ጎሸም አድርገው ያስነሡኝ። እሳቸውም ግማሽ ደንቆሮ ናቸው፤ ከንፈር እያዩ ነው የለዩት። የቤቱን ስም አልጠራም፤ ውስጥ ያለችው ባለሙያ ጥፋቱን ሁሉ ክሳዋለች።

ድምፅ የማያስገባ ጠባብ ክፍል ውስጥ አስገባችኝ። ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ፣ እጄ ላይ ቁልፍ። ድምፅ ስሰማ መጫን ነው። መጀመሪያ ደህና ጫንኩ። ከዚያ ረጅም ዝምታ መጣ። መሣሪያው ተበላሸ ብዬ ቀና ስል በመስታወቱ ማዶ እሷ አሁንም እየነካካች ነው። ለካ ድምፁ አለ።

ወረቀቱን ስታሳየኝ ገባኝ። መስመሩ ከግራ ሲነሣ ሜዳ ነው፤ የደጀን ሜዳ በሉት። 2000 ኸርዝ ላይ ማዘቅዘቅ ይጀምራል፤ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ድምፁ እየቀጠነ ይሄዳል። 4000 ላይ ዓባይ በረሃ ገባ። 8000 ላይ ወደ ጎሐ ጽዮን ሊወጣ ትንሽ ቀና ይላል።

«አባቴ፣ ሥራዎ ምን ነበር?» አለችኝ።

«መድፈኛ።»

«ታዲያ ገና ካርድዎ ላይ ቢጽፉት ኖሮ!»

እንዲህ ያለ ገደል የከባድ ድምፅ ምልክት ነው። ከ140 ዴሲቤል የሚያልፍ ድንገተኛ ድምፅ አንድ ጊዜም ቢሆን ጆሮ ሊጎዳ ይችላል፤ የመድፍ ድምፅ ደግሞ ከዚያ በላይ ነው። የሚሞቱት የውስጥ ጆሮ ጥቃቅን ፀጉር መሳይ ሕዋሶች ናቸው። አንዴ ከሞቱ አይበቅሉም። ስ፣ ሽ፣ ፍ፣ ጥ የሚሉት ቀጫጭን ድምፆች በብዛት የሚገኙት እዚያ ገደል አካባቢ ነው። ጠፋችና ጠባች የተምታቱብኝ ለዚህ ነው። ይህንን ወረቀት ለባለቤቴ ወስጄ አሳይቻታለሁ። «ዓባይ በረሃ ነው ብለህ አታመልጥም» አለችኝ።

ከዚያ ምርጫ መጣ። እኔ የወታደር ነገር፣ «ትልቁን ስጪኝ» አልኳት። ትልቁ ከዚህም የባሰ ላለበት ሰው ነው አለች። የደብረ ታቦሩ ሰውዬ በር ላይ ቆመው ይህንን ሰሙ፤ እንዴት እንደሰሙት እንጃ። «ሴባስቶፖልን ይዘው ሊሄዱ ነው?» አሉና ሳቁ።

እውነታቸውን ነው። አፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ፣ ጋፋት ላይ፣ የውጭ አገር ሠራተኞችን ይዘው ያሠሩት ሴባስቶፖል 70 ኩንታል ገደማ ይመዝናል። ንጉሡ መድፍ ያንገበገባቸው በወጣትነታቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1848፣ ደባርቂ ላይ የግብፅ መድፍ ሠራዊታቸውን ሲበትነው ነው። ቁጭቱ ይገባኛል። ግን ሴባስቶፖልን ከደብረ ታቦር መቅደላ ለማድረስ መንገድ እየጠረጉ፣ ሰው እየጎተተው፣ ስድስት ወር ያህል ፈጀ። በመጨረሻው ውጊያም ነገሩን አልለወጠም። የሜዳ መድፍ ማለት ሠራዊቱ ሲሄድ አብሮት የሚሄድ ነው። የስዊድኑ ንጉሥ ጉስታቭ አዶልፍ በ1600ዎቹ መጀመሪያ ይህንን አውቆ አንድ ፈረስ ወይም ሦስት ሰው የሚጎትተው ቀላል መድፍ ለእግረኛው ሰጠ። ዓድዋ ላይ በበጅሮንድ ባልቻ ሥር የነበሩት ሆችኪሶችም ተራራ የሚወጡ ቀላል መድፎች ናቸው። የእኛ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የጎጃምን ጦር ይዘው እዚያው ነበሩ። ጣሊያን ያሰለፋቸው 56 መድፎች ሁሉም ቀሩ።

ትንሿን ወሰድኩ። ክብደቷ የለም። መነጽር አውልቄ ሳስቀምጥ አብራ ወድቃ ሁለት ጊዜ ፈልጌያታለሁ፤ ይህ አንድ ጉድለቷ ነው።

ዋጋ፦ እኔ ስገዛ ለአንድ ጆሮ 34 ሺህ ብር ነበር። ባለሙያዋ ልጅ «ሁለቱንም ቢወስዱ ነው የሚሻልዎት» አለችኝ። በሆዴ ነጋዴ ናት አልኩ። ደግሞም ገንዘቡ አልነበረኝም። የቀኙን ብቻ አስገጠምኩ። ስሕተት ነበር፤ እመለስበታለሁ።

ቤት ስደርስ የመጀመሪያው ሳምንት ጦርነት ነበር። ጸጥ ባለው ክፍል የተስተካከለ መሣሪያ ማርቆስ ገበያ ውስጥ ሌላ ነው። ሳህን ሲጋጭ ይወጋኛል፤ የልጅ ልጄ ሲያወራ ደግሞ አይደርስም። ብዙ ሰው መሣሪያውን መሳቢያ ውስጥ የሚወረውረው እዚህ ላይ ይመስለኛል። እኔን ያዳነኝ የድሮ ሥራዬ ነው።

ድሮ መድፈኛ የሚተኩስበትን በዓይኑ ያይ ነበር። በናፖሊዮን ዘመን መድፉ ሜዳ ላይ ወጥቶ ከጠላት ፊት ለፊት ይቆማል። በተኮሰ ቁጥር ወደ ኋላ ይዘላል፤ ገፍተው መልሰው እንደገና ያነጣጥራሉ። እ.ኤ.አ. በ1897 ፈረንሳዮች 75 ሚሊ ሜትሩን አመጡ። ግፊቱን በዘይትና በአየር ውጦ አፈሙዙን ብቻ ወደ ኋላ ይስብና ይመልሰዋል፤ ጎማው አይነቃነቅም። በደቂቃ እስከ 15 ጥይት። ግን ጠመንጃም ሩቅ መምታት ጀምሮ ስለነበር ሜዳ ላይ የቆመ መድፈኛ ቀላል ዒላማ ሆነ። ስለዚህ መድፉ ከጋራ ኋላ ገባ። ያን ጊዜ ነው ሥራው የተለወጠው። የሚተኩሰው አያይም፤ የሚያየው አይተኩስም። በመሐላቸው መጀመሪያ የስልክ ሽቦ፣ በኋላ ሬዲዮ።

እኔ በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ የተኮስንበትን ያየሁት በጣት የሚቆጠር ጊዜ ነው። የማውቀው ከሬዲዮው የሚመጣውን ነው። «ጨምር 200!» «ቀንስ 100!» «ቀኝ 50!» አንዱ ጥይት ያልፋል፣ አንዱ ያጥራል፣ መሐሉን ትይዛለህ። ጎበዝ ተመልካች ያለው አሮጌ መድፍ፣ ተመልካች ከሌለው አዲስ መድፍ ይበልጣል።

መስሚያም እንዲሁ ነው። ልጅቷ ኮምፒውተሯ ላይ ትተኩሳለች፤ እኔ ጆሮ ውስጥ የሚወድቀውን ግን አትሰማም። ተመልካቹ እኔ ነኝ። ስለዚህ ደብተር ያዝኩ። «እሑድ፣ ቅዳሴ። የማይኩ ድምፅ ይሰነጥቃል። ማክሰኞ፣ ቡና። ሁለት ሰው አብሮ ሲያወራ አይለይም። ሐሙስ፣ ሳህን፣ በጣም።» ከሁለት ሳምንት በኋላ ይዤው ሄድኩ። ገልጣ አየችውና «እንዲህ ጽፎ የመጣልኝ ሰው የለም» አለች። መሣሪያዬን በሽቦ ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኘችና ሳህን ማጋጨት ጀመረች። እውነቴን ነው፣ ሳህን መሳቢያዋ ውስጥ አላት።

«ቀንሺ 100!» አልኳት።

«አባቴ፣ በሜትር አይደለም፣ በዴሲቤል ነው» ብላ ሳቀች። ግን ገባት። አሳለፈች፣ አሳጠረች፣ መሐሉን ያዘች። ጥሩው መሣሪያ ከርካሹ የሚለየው እዚህ ነው። ደካማውን ድምፅ ያነሣል፣ ኃይለኛውን ይገታል፤ ለእያንዳንዱ የድምፅ እርከን ለየብቻ ይስተካከላል። ሦስት ማስተካከያ በዋጋው ውስጥ ነው። ከሌላ ቦታ ስትገዙ መጀመሪያ ይህንን ጠይቁ። «ተመለስ፣ አስተካክልልሃለሁ» የማይል ሻጭ ዘንድ ብራችሁን አታውጡ።

ከሁለተኛው ማስተካከያ በኋላ የነበረው እሑድ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ማኅሌት ቆምኩ። ካህናቱ ወረብ ጀመሩ። ጸናጽሉ ከፍ ዝቅ ይላል። ለብዙ ዓመት ጸናጽልን የማውቀው በዓይኔ ነበር። እጅ ይወዛወዛል፣ ብረቶቹ ይንሸራተታሉ፣ ድምፅ የለም። አሁን ግን ሽው ሽው ሽው። መጀመሪያ መሣሪያው ተበላሸ ብዬ ነካካሁት። ከዚያ እጁን አየሁ፤ ከእጁ ጋር አብሮ ነው የሚሄደው። ጋቢዬን ፊቴ ላይ ሳብ አደረግሁ። ጋቢው ሲሸፍነው ደግሞ መሣሪያው ፉጨት ያወጣል፤ አጠገቤ ያሉት ሁሉ ዞረው አዩኝ። ጉድለት ቁጥር ሁለት። ጋቢና ነጠላ ለሚለብስ አገር የታሰበ ዕቃ አይደለም።

ባትሪ። ብርቱካንማ ተለጣፊ ያለባት 13 ቁጥር ናት፤ ስድስት ፍሬ በአንድ ካርድ። ተለጣፊውን ስትልጡት አየር ገብቶ ነው የምትሠራው። ልጣችሁ አንድ ደቂቃ ያህል ጠብቁ፤ ቸኩላችሁ ከከተታችኋት ቶሎ ትደክማለች። መልሶ መለጠፍም አያድናትም። እኔ ዘንድ ከስምንት እስከ አሥር ቀን ትቆያለች። ማርቆስ ውስጥ ስፈልግ የሰዓት ባትሪ ሰጥተውኛል፣ የመኪና ቁልፍ ባትሪ ሰጥተውኛል። አሁን በሚኒባስ ሹፌር ከባሕር ዳር አስልካለሁ። መድፍ ላይ ሳለን ጥይት ሲያልቅ ከመድፉ ጥላ ሥር ተቀምጠን እንጫወት ነበር። ባትሪ ያለቀ ዕለትም እንዲሁ ነኝ፤ ጥላ ፈልጌ እቀመጣለሁ። በነገራችን ላይ ባትሪ የሚለው ቃል ራሱ ከእኛ የተወሰደ ነው። በፈረንጆቹ አንድ ላይ የሚተኩሱ መድፎች ባትሪ ይባላሉ፤ ቤንጃሚን ፍራንክሊን ነው ለኤሌክትሪክ ዕቃው የተዋሰው።

ወደ ስሕተቴ ልመለስ። አንድ ጆሮ። ባጃጅ ጥሩምባ ሲነፋ እሰማለሁ፤ ከየት እንደሆነ ግን አላውቅም። ሁሉም ነገር ከቀኝ ነው የሚመጣው። ባለቤቴ ከግራ ስትጠራኝ ወደ ቀኝ እዞራለሁ። አንድ ቀን መንገድ ላይ ባጃጅ ሸሽቼ ወደ ባጃጁ ነው የሄድኩት። የሹፌሩን ስድብ ግን አንድም ፊደል ሳይቀር ሰማሁት። ለመሣሪያው ነጥብ ያዝኩለት።

ይህን ማወቅ ነበረብኝ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ከጋራ ኋላ የተደበቀን መድፍ በድምፁ ያገኙት ነበር። ላውረንስ ብራግ የሚባል በ25 ዓመቱ ኖቤል የተሸለመ የፊዚክስ ሰው ነው ለእንግሊዝ ጦር ይህንን የመራው። ማይክሮፎኖችን ከግንባር ኋላ አራርቀው ይደረድራሉ። የመድፉ ድምፅ ለአንዱ ቀድሞ፣ ለሌላው ከሴኮንድ ባነሰች ልዩነት ዘግይቶ ይደርሳል። ከልዩነቷ ተነሥተው መድፉ ያለበትን ያሰላሉ። መጀመሪያ ግን ማይክሮፎኑ የሚያልፈውን ጥይት ጩኸት እየያዘ የመድፉን ወፍራም ድምፅ ይስተው ነበር። ታከር የሚባል ባልደረባቸው በጋለ ቀጭን ሽቦ የሚሠራ ማይክሮፎን አመጣላቸው፤ የአየሩ ግፊት ሲደርስ ሽቦው ይቀዘቅዛል፤ የሚፈልጉትን ብቻ ለየላቸው። ዋናው ነገር ግን በአንድ ማይክሮፎን ማንም ምንም አላገኘም። የሰው ሁለት ጆሮም የሚሠራው በዚሁ ሒሳብ ነው። ልጅቷ ነጋዴ አልነበረችም።

ነጥብ ስጥ ካላችሁኝ ለመሣሪያው ከአሥር ሰባት፣ ለባለሙያዋ ዘጠኝ፣ ለካርድ ክፍሉ ሁለት። ስልክ ላይ አሁንም ደካማ ነው፤ ነፋስ ሲነካው ይንሿሿል፤ ዝናብ ሲመጣ አውልቄ ኪሴ ውስጥ በፌስታል እከተዋለሁ። ጥጃዋ ግን ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ጠፍታ ሁለቱንም ጊዜ «ጠፋች» ብዬ ነው የሰማሁት።

ለግራው ጆሮ ጥቅምት ላይ ቀጠሮ ይዣለሁ። በስልክ ያስያዘችኝ ራሷ ባለሙያዋ ናት፤ የካርድ ክፍሏን አላምናትም። ከመምጣትዎ በፊት የጆሮዎን ኩክ ያስጠርጉ አለችኝ። አንድ ጊዜ አስደገምኳት። ስልኩ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም።